ማታ ለሚሠራበት ኤርብራሽ የትኛው ኮምፕሬሰር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ ትንንሽ የአውሮፕላንና የመኪና ሞዴሎችን እየገጣጠምኩ ቀለም እቀባለሁ። ቀለምን በአየር የሚረጭ ባለ 0.3 ሚሊሜትር ኖዝል (የቀለም መውጫ ቀዳዳ) ኤርብራሽ ስላለኝ የቀረኝ አየር የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ብቻ ነው። የምሠራው ልጆች ከተኙ በኋላ ሲሆን፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ጎረቤት አለ። አንድ ሻጭ ባለ 24 ሊትር ታንክ የጋራዥ ኮምፕሬሰር «ጉልበት አለው፣ ዋጋውም ደህና ነው» ብሎኛል፤ ሌላው ታንክ የሌለው በጣም ርካሽ ዕቃ አሳይቶኛል። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ሁለቱንም እንዲተዉ እመክርዎታለሁ። ዘይት የማይፈልጉት የጋራዥ ኮምፕሬሰሮች ብዙዎቹ ሞተራቸው ሲዞር ከ90 ዴሲቤል በላይ ይጮኻሉ፤ ለኤርብራሽ ተብለው የሚሠሩት ትንንሽ ባለ ፒስተኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ 50 ዴሲቤል አካባቢ ናቸው። ድምፅ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ለጆሯችን እጥፍ ያህል ስለሚሰማን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 16 እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው። የተባለው ጉልበትም ለእርስዎ አይጠቅምም። ባለ 0.3 ኖዝል ኤርብራሽ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከ1 እስከ 2 ባር ባለው ግፊት ሲሆን፣ በደቂቃ ከ20 እስከ 25 ሊትር አየር የሚሰጥ ትንሽ ፒስተን ይበቃዋል።

ታንክ የሌለውን ርካሽ ዕቃ በተመለከተ፣ ችግሩ ከድምፁ ይልቅ ትርታው ነው። እያንዳንዱ የፒስተን ወይም የዲያፍራም (አየር የሚገፋ ስስ ሽፋን) ምት ኮምፕሬሰሩን ከኤርብራሹ በሚያገናኘው ጎማ በኩል እስከ ኖዝሉ ስለሚደርስ፣ ቀጭን መስመር ሲያወጡ ቀለሙ ወፈር ቀጠን እያለ ይወጣል፤ ሞተሩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ስለዚህ የሚፈልጉት ባለ 3 ሊትር ታንክና ራሱን በራሱ የሚያጠፋ ዘይት አልባ ፒስተን ነው። የዚህ ዓይነቱ ኮምፕሬሰር ብዙውን ጊዜ ግፊቱ 4 ባር ሲደርስ ይጠፋል፣ ወደ 3 ባር ሲወርድ ይነሳል። እዚህ ላይ ሻጮች የማያነሱት አንድ ነገር አለ፦ ባለ 3 ሊትር ታንክ ከ4 ወደ 3 ባር ሲወርድ የሚሰጥዎት አየር 3 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በደቂቃ 10 ሊትር እየተጠቀሙ ቢረጩ 20 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ሞተሩ ይነሳል። የታንኩ ዋና ጥቅም አየሩን ወጥ ማድረጉና ቀለም በሚቀላቅሉበት ወይም ኖዝል በሚያጸዱበት ጊዜ ሁሉ ቤቱን ጸጥ ማሰኘቱ ነው፤ ከሥራው ጊዜ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በዚህ እንደሚያልፍ ሲጀምሩ ያዩታል።

በማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ሞተር የሚሠሩት ባለ ዘይቶቹ ከ30 እስከ 40 ዴሲቤል ድረስ ዝቅ ስለሚሉ በጸጥታ የሚስተካከላቸው የለም። ዋጋቸው ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ ሁልጊዜ ቀጥ ብለው መቀመጥ አለባቸው፣ ዘይታቸው በየጊዜው መታየት አለበት፣ ከአየሩ ጋር የሚወጣውን ዘይት የሚይዝ ማጣሪያም ያስፈልጋቸዋል።

ለጎረቤትዎ ግን ከዴሲቤሉ ይልቅ ንዝረቱ ያሳስበኛል። እኔ የመጀመሪያውን ኮምፕሬሰሬን በሥራ ጠረጴዛዬ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የቀለም ጠርሙሶቹ እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ይንቀጫቀጩ ነበር። አውርጄ ወፍራም ስፖንጅና ጎማ በተነጠፈበት ወለል ላይ፣ ከግድግዳ አርቄ ሳስቀምጠው ያው ዕቃ ሌላ ዕቃ መሰለኝ። በቁም ሳጥን ውስጥ ዘግተው ድምፁን ለማፈን ግን አይሞክሩ፤ ትንንሽ ፒስተኖች በፍጥነት ስለሚግሉ አየር ማግኘት አለባቸው።

ከመግዛትዎ በፊት የግፊት መቆጣጠሪያና የውሃ ማጣሪያ አብሮት መኖሩን ያረጋግጡ። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ታንኩና ጎማው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል፤ አንዲት ጠብታ በኖዝሉ ወጥታ ካረፈች የሰዓታት ሥራ ታበላሻለች። ስለዚህ ማታ ሲጨርሱ ከታንኩ ሥር ያለውን ቫልቭ ከፍተው ውሃውን ያውጡ። ግፊቱንም የሚያስተካክሉት የኤርብራሹን ማስፈንጠሪያ ተጭነው፣ አየር እየወጣ ሳለ ይሁን፤ ተዘግቶ 2 ባር የሚያሳየው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አየር መፍሰስ ሲጀምር ዝቅ ይላልና።

ያገለገለ ዕቃ ካገኙ፣ ታንኩ ሞልቶ ሞተሩ እስኪጠፋ ይጠብቁና አየር ሳይጠቀሙ ጌጁን ለአሥር ደቂቃ ያህል ይመልከቱ። ግፊቱ ከወረደ ወይም ሞተሩ ራሱ ከተነሳ አየር የሚያሾልክ ቦታ አለ። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀብተው የሚፈላበትን ካገኙት አየሩን አውጥተው፣ መገጣጠሚያውን ፈትተው ጥርሱን በቴፍሎን ቴፕ ጠቅልሎ መልሶ ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መገጣጠሚያዎቹ ደህና ሆነው ግፊቱ የሚወርደው ከፓምፑ ወይም ከታንኩ ከሆነ ግን አይግዙት።