ለዋሻ ካርታ አውቶካድ ይበቃል ወይ? ለተማሪዎቹ ቡድን የተሰጠ መልስ

የእህታችን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ከጂኦሎጂ ተማሪ ጓደኞቿ ጋር ባሌ ውስጥ አንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻ በኮምፓስ፣ የዘንበል ማዕዘን በሚለካው ክሊኖሜትርና ግንበኞች በሚጠቀሙበት የሌዘር ርቀት መለኪያ ቀይሰዋል። ደብተራቸው በቁጥርና በእርሳስ ንድፍ ተሞልቷል። ንድፉን ስካን አድርገው አውቶካድ በተባለው የንድፍ መሣያ ሶፍትዌር ላይ ቢስሉት ይበቃ እንደሆነ፣ ካልበቃም በየትኛው ሶፍትዌር ቢጀምሩ እንደሚሻል ማወቅ ይፈልጋሉ።

ዋሻው አንድ መግቢያና አንድ መተላለፊያ ብቻ ቢኖረው ኖሮ አውቶካድ ይበቃል ብዬ እዚህ ላይ አቆም ነበር። ነገር ግን በጥያቄሽ ውስጥ መተላለፊያዎቹ እየተከፈሉ መልሰው እንደሚገናኙ ጽፈሻል። መልሱን የሚለውጠው ይህ ነው። እንዲህ ላለው ዋሻ ቴሪዮን የተባለውን የዋሻ ካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ተጠቀሙ። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራችኋል፤ ቢሆንም ተጠቀሙበት።

ምክንያቱን ላስረዳ። በ20 ሜትር ርቀት ላይ ኮምፓሱ በ1 ዲግሪ ቢሳሳት ነጥቡ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሸሻል። ስህተቱ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ዞራችሁ መጀመሪያ ወደ ተነሣችሁበት ነጥብ ስትመለሱ ሁለቱ አይገጥሙም። ሶፍትዌሩ ልዩነቱን በዙሩ ውስጥ ባሉት መስመሮች ላይ ያከፋፍለዋል። በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ሁለት ዙሮችን የሚያገናኝ አዲስ ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ ያን ጊዜ ቀድሞ የተሰላው ሁሉ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ዌብ ወንዝ ሰርስሮ የሠራውንና በ1972 እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያን አሳሾች የቀየሱትን፣ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን የሶፍ ዑመር ዋሻን ካርታ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መስመሩ ሲንቀሳቀስ አውቶካድ ላይ የሳላችሁት ግድግዳ ባለበት ይቀራል። በዚህ ምክንያት ለወራት የደከመበትን ካርታ ከሥር ጀምሮ ደግሞ የሳለ ቡድን አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዋሻው የመመለስ ፍላጎታቸው ጠፋ። ቴሪዮን ውስጥ ግን ግድግዳው ከቅየሳ ነጥቦቹ ጋር የታሰረ ነው። ነጥቡ ሲሸሽ ሥዕሉም እንደ ከበሮ ቆዳ አብሮት ይሳባል።

ቴሪዮንን የሠሩት ስታኾ ሙድራክና ማርቲን ቡዳይ የተባሉ የስሎቫኪያ የዋሻ አሳሾች ናቸው። በነጻ ይገኛል፤ አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከእሱ ጋር ሰርቬክስን ጫኑ። ሰርቬክስ ስሌቱን በደንብ ይሠራል፤ አቨን የተባለው ማሳያውም የቅየሳ መስመሩን በሦስት አቅጣጫ እያዞራችሁ እንድታዩት ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልግባ። ቁጥሩ ሳይጣራ አንድም ግድግዳ አትሳሉ። የእያንዳንዱን ቀን ቅየሳ ለየብቻው በአንድ ፋይል ጻፉ፤ ከየት፣ ወደየት፣ ርቀት፣ አቅጣጫ፣ የዘንበል ማዕዘን። ቀኑን፣ የመሣሪያዎቹን ዓይነትና ማን እንዳነበበ፣ ማን እንደጻፈ ጨምሩበት። ከዚያ ሰርቬክስ የሚያወጣውን የስህተት ፋይል ክፈቱና የእያንዳንዱን ዙር ልዩነት ተመልከቱ። በጥንቃቄ በተቀየሰ ዋሻ ውስጥ ትንሽ ልዩነት ተፈጥሮአዊ ነው፤ ይከፋፈል። አንድ ዙር ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ በብዙ ሜትር ካልገጠመ ግን የሆነ ሰው ቁጥር ገልብጧል ማለት ነው፤ ኮምፓሱን ከተቃራኒው ጫፍ አንብቧል፣ 10 ዲግሪ ዘሏል፣ ወይም ቁልቁለቱን ያለ መቀነሻ ምልክት ጽፏል። ሶፍትዌሩ ይህን ከተራ ስህተት ለይቶ አያውቅም፤ ጥፋቱን ደህና በተለኩት መስመሮች ላይ ይበትነዋል። ደብተሩን አውጥታችሁ መፈለግ የእናንተ ፈንታ ነው። ካልተገኘ ያንን ክፍል ብቻ እንደገና ለኩት። ከግንባር መብራት ባትሪና ከብረት ነገር ሁሉ ኮምፓሱን አርቁ፤ በየመስመሩም ከሁለቱም ጫፍ ማንበብን ልማድ አድርጉ።

አገራችን ውስጥ የሚሠራ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። የቆዩት የ1፡50,000 የመልክዓ ምድር ካርታዎቻችን የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መጋጠሚያ ቁጥሮች በሚሰሉበት መነሻ) ነው፤ ስልካችሁና ጂፒኤሱ የሚሰጧችሁ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ሌላ ዳተም ነው። ሁለቱን ብታምታቱ የዋሻው መግቢያ 200 ሜትር ያህል ከቦታው ይርቃል፤ ገደል ዳር ያለ መግቢያ ወንዝ ማዶ ሊገኝ ይችላል። ባሌ የሚገኘው ዩቲኤም በተባለው የካርታ ክፍፍል ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው። ቴሪዮን ላይ ለደብሊውጂኤስ 84 የመለያ ቁጥሩ (ኢፒኤስጂ ይባላል) 32637፣ ለአዲንዳን 20137 ነው፤ የመግቢያውን ነጥብ በትክክለኛው ቁጥር አስሩት። ነጥቡና የቅየሳው ቀን ከተጻፉ በመግነጢሳዊና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለውን ልዩነት ራሱ ያሰላላችኋል። ቀኑን መጻፍ ግዴታ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ልዩነቱ ከዓመት ዓመት ይለወጣልና።

ወደ ሥዕሉ ስትመጡ ዋሻውን በቁርጥራጭ ትከፋፍላላችሁ፤ ቴሪዮን ስክራፕ ይለዋል። አንድ ስክራፕ ራሱን በራሱ መደረብ የለበትም። አንዱ መተላለፊያ በሌላው ሥር ካለፈ ሁለቱ በሁለት ስክራፕ ይሳላሉ። ትንንሽ ስክራፕ ይሻላል፤ ስህተት ሲፈጠር የት እንዳለ ቶሎ ይታወቃል። ግድግዳ ስትስሉ የመስመሩ የግራ ጎን ወደ ዋሻው ውስጥ መዋል አለበት። ጀማሪ ሁሉ የሚቸገርበት ይህ ነው፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ሶፍትዌሩ ውጭውን ውስጥ፣ ውስጡን ውጭ ያደርገዋል። በመካከል የቆመ የድንጋይ ዓምድ ካለ እንደ ውስጥ ግድግዳ ዙሪያውን ዝጉት። ሶፍ ዑመርን በመሰለ ዓምድ የበዛበት አዳራሽ ይህ ሥራ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ሆኖም ካርታውን ለሚይዝ ሰው መንገድ የሚመሩት ዓምዶቹ ስለሆኑ አትዝለሏቸው።

ስኬሉን ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። በ1፡500 ላይ 1 ሜትር 2 ሚሊ ሜትር ነው። ደብተራችሁ ላይ ያለውን ጠጠር ሁሉ ልሣል ብትሉ ካርታው ጠቁሮ አይነበብም። ለምልክቶቹ የዓለም አቀፉ የዋሻ ጥናት ኅብረት በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸውን ውሰዱ፤ ቴሪዮን ውስጥ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል።

ሶፍትዌሩ ሊሰጣችሁ የማይችለው ግን ደብተሩ ላይ ያልተነደፈውን ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው የዋሻ ካርታ ክብር ያለው ንድፉ ላይ ስለሆነ ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ግድግዳ በዓይን ካልታየና በቦታው ካልተነደፈ፣ ቢሮ ተቀምጦ የሚሳለው ሁሉ ፈጠራ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ፦ የተጣራውን የቅየሳ መስመር ከነነጥቦቹ ስም በ1፡200 አትሙና ይዛችሁ ወደ ዋሻው ተመለሱ። እዚያው ቆማችሁ በእርሳስ ግድግዳውን፣ የጣሪያውን ከፍታ፣ የጭቃውንና የውኃውን ዳርቻ በላዩ ሙሉት። የመተላለፊያው ቅርጽ በተለወጠበት ሁሉ ቁርጥ ንድፍ (መተላለፊያው ተቆርጦ ከፊት ሲታይ ያለውን ቅርጽ) ውሰዱ። ከዚያ ስካን አድርጋችሁ ቴሪዮን ላይ ከሥር ታነጥፉታላችሁ። ለዚህ አንድ ሙሉ ጉዞ ቢያስፈልጋችሁም አይቆጫችሁ፤ ወንዝ የሚገባበት ዋሻ ከሆነ ግን ዝናብ በሌለበት ወቅት ይሁን።

ስለ ፊደላችን ጠይቀሽ ነበር። እኔ የአማርኛውን ጽሑፍ በመጨረሻ ላይ፣ ካርታው በፒዲኤፍ ከወጣ በኋላ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ላይ አስገባለሁ። ኢንክስኬፕ ላይ ግድግዳ አታንቀሳቅሱ፤ ከዚህ በኋላ የምታርሙት ሁሉ ከልኬቱ ይለያል። የክፍሎቹን ስም ደግሞ ከራሳችሁ አታውጡ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ለየአዳራሹ በኦሮምኛ የሚጠሩበት ስም ካላቸው እሱ ይጻፍ፤ በቁቤም በግዕዝ ፊደልም። ቦታው የጸሎት ቦታ ከሆነ የትኛው ክፍል ለጎብኚ እንዲታይ፣ የትኛው ካርታው ላይ እንዳይወጣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ብሉቱዝ ያለው የዋሻ መለኪያ ስታገኙ ቶፖድሮይድን አንድሮይድ ስልክ ላይ ጭናችሁ ዋሻው ውስጥ መንደፍ ትችላላችሁ፤ ውጤቱንም በቴሪዮን ቋንቋ ያወጣል። ለአሁኑ እርሳስና ውኃ የማይበላው ወረቀት በቂ ናቸው።

ከዋሻው ሁሉ ሦስት ወይም አራት ነጥብ ብቻ ያለበትን ትንሽ ክፍል ምረጡና ከቁጥሩ እስከ ፒዲኤፉ ጨርሱት። ስህተት ሲያሳያችሁ መልእክቱን እንዳለ ቅዱና ከፋይሉ ጋር ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።