የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኖዝል ለምን ቶሎ ይበላል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ብረታ ብረት እንሠራለን። የሲኤንሲ ፕላዝማ ማሽናችን (በኮምፒውተር የሚመራ የብረት መቁረጫ) 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲቆርጥ ከሥር ስላግ (ቀልጦ የሚጣበቅ የብረት ቅሪት) ይይዛል፤ ኖዝል (የመቁረጫው እሳት የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው አፍ) እና ኤሌክትሮድም (ከኖዝሉ ውስጥ ያለው፣ እሳቱ የሚነሳበት ክፍል) አይበረክቱልንም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብሳል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ጠዋት መባሱ ውሃን ያስጠረጥራል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በኮምፕረሰሩ ታንክና በጎማው ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፤ ከአየሩ ጋር ቶርች (ኖዝሉና ኤሌክትሮዱ ያሉበት የመቁረጫው ራስ) ሲገባ ኤሌክትሮዱን ይጨርሳል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ታንኩን ከሥር አፍስሱ፣ የፊልተሩንም ውሃ ድፉ። ከዚያ አርክ (የመቁረጫውን የኤሌክትሪክ እሳት) ሳታስነሱ አየሩን ብቻ ልቀቁና ንጹሕ መስተዋት ከቶርቹ ሥር ያዙ። ጉም ወይም የዘይት ነጠብጣብ ካሳየ ማድረቂያ ያስፈልጋችኋል። ከተማችሁ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ከተጻፈበት ያነሰ ይሰጣል። ግፊቱንም አየሩ እየፈሰሰ ሳለ ለኩ፤ ቆሞ የሚነበበው ያታልላል።

ሁለተኛው ጥፋት አበሳስ ላይ ነው። ሲቆርጥ የቶርቹ ከፍታ ከላሜራው 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሲበሳ ወደ 3 ከፍ ይበል፤ ላሜራው እስኪበሳ ይቆይና ይውረድ። አለበለዚያ የቀለጠው ብረት ተመልሶ ኖዝሉን ይመታዋል።

ስላጉ ወፍራም ሆኖ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ፍጥነት ጨምሩ፤ ቀጭን ሆኖ ለመሮም የሚያስቸግር ከሆነ ቀንሱ።

ማሽኑን ከመብራት አላቅቁና ኤሌክትሮዱን እዩት፦ ጫፉ ላይ ያለው ጉድጓድ 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። የኖዝሉ ቀዳዳ ክብነቱን ካጣም አብሮ ይቀየር።