የአያት ጎራዴ ዝገት፦ ግራይንደሩም ሎሚውም ይቅር
እህቴ፣ «የአያቴ ጎራዴ ዝጎ ከሰገባው በመከራ ወጣ፤ ወንድሜ ጋራዥ ወስደን በግራይንደር እናስወልውለው ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ በሎሚ እሺው አለችኝ፤ የቱ ይሻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱም ይቅሩብሽ።

የቤተሰብ ጎራዴ ሳጸዳ ቆይቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነኝ ዝገቱ ሳይሆን ጽዳት ተብሎ የተደረገበት ነገር ነው። በምኒልክ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ከገቡት ጎራዴዎች ጀርመን አገር ሶሊንገን የተሠሩ አሉ፤ ብረቱ ላይ አንበሳና «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ቅርጹ በጣም ስስ ስለሆነ ግራይንደር አንዴ ካረፈበት አንበሳው የለም። ሎሚና ኮምጣጤም ዝገቱን ሲበሉ ደህናውን ብረት አይምሩም፤ አመድማ መልክ ሰጥተውት ይሄዳሉ።

መጀመሪያ በመስኮት ብርሃን አጋድመሽ ጽሑፍ እንዳለው እዪ። ከዚያ ነጭ ጋዝ የነካ ጥጥ ዝገቱ ላይ አሳድሪበት፣ ከሰልና እሳት ካለበት ቤት ግን ርቀሽ። እጀታው ቀንድ ከሆነ ጋዙ እንዳይደርስበት በፌስታል ጠቅልለሽ እሰሪው።

በማግስቱ በመዳብ ፋቂው። እኔ የጃንሆይን ዘመን ቀይ ሳንቲም እጠቀማለሁ (ሳንቲም ሰብሳቢዎች ይቅር በሉኝ)። መዳብ ከጎራዴው ብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሣል እንጂ አይጭርም። ሌላ ሳንቲም ካገኘሽ ማግኔት አስጠጊበት፤ ከሳበው ውስጡ ብረት ነውና ተዪው። ቀዩ ዱቄት ሲረግፍ ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ ገጽ ይወጣል። እሱን አትንኪው፤ ብረቱን እየበላ ያለው ቀዩ ነው።

ለቀረው 0000 የሚባለውን ደቃቅ የብረት ሱፍ በዘይት አርሰሽ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ ብቻ እየሳብሽ፣ በጀርባው በኩል ይዘሽ እሺው። እያዞሩ ማሸት የማይለቅ ክብ ጭረት ይተዋል። የሰሃን ማጠቢያ ሽቦማ ጭራሽ አይሆንም። ነጭ ጨርቅ ስታስኬጂበት ቀይ ማውጣቱን ሲያቆም አንቺም አቁሚ። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ይቀራል፤ እሱን ለማጥፋት ዙሪያውን ብረት ዝቅ ማድረግ ስለሚያስፈልግ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። እንደ አዲስ መስታወት ይሁን የሚል ሰው ካለ ከቱሪስት ዕቃ መሸጫ አዲስ ይግዛ።

ሲያልቅ ጋዙን ጠርገሽ የስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርገሽ ቀቢው። ቅቤ የሚቀቡ ቤተሰቦች አሉ፤ ቅቤ ሲቆይ ይኮመጥጣል፣ መልሶ ብረቱን ያጠቃል። በባዶ እጅም አትንኪው፣ ላብ ጨው አለው። ሰገባው ቆዳ ከሆነ እርጥበት ስለሚይዝ ለየብቻ አስቀምጫቸው፤ በተለይ ክረምት ላይ ገለጥ እያደረግሽ እዪው።

ጽሑፉ ውስጥ ወርቃማ ቀለም ካየሽ ግን መዳቡንም ሱፉንም አታስጠጊ፤ መጀመሪያ ፎቶውን እዚህ ለጥፊልን፣ እጀታው ሥር ያለው የሠሪው ማህተም እንዲታይ አድርገሽ።