ወንድምሽ ባንኩን ይልቀቅ ወይ? የኪቦርዲስት መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ ከተረዳሁት ወንድምሽ 24 ዓመቱ ነው፣ ባንክ ይሠራል፣ ድምፁ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ላይ ያምራል፣ ዩቲዩብ ላይ የለቀቀው ነጠላ ዜማም ጥሩ ሄዶለታል። አሁን ሥራውን ለቆ ሙሉ በሙሉ ሊገባበት ነው፤ እናታችሁ ደግሞ እንቅልፍ አጥተዋል። «እንደ እነ ማህሙድ ዘመን የሚሻገር የፍቅር ዘፋኝ መሆን ዛሬም ይቻላል ወይ?» ብለሻል። ከላይ የመለሱልሽ ግማሾቹ «ህልሙን አትግደሉበት»፣ ግማሾቹ «ዘፈን እንጀራ አይሆንም» ብለዋል። እኔ ከሁለቱም አልስማማም።

ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ሆቴልም፣ ናይት ክለብም፣ ሠርግም ሠርቻለሁ፤ አሁን በብዛት ቤቴ ቁጭ ብዬ አቀናብራለሁ። ዘፋኝ ሆኜ አላውቅም። ግን የዘፋኙ ጉሮሮ ሲከፈትም ሲዘጋም ቀድሞ የሚያውቀው ከጀርባው የቆመው ኪቦርዲስት ነው፤ እና ካየሁት ልንገርሽ።

ባንኩን አይልቀቅ። ግን ዛሬ ነገ ሳይል አርብና ቅዳሜ ማታ የሚዘፍንበት ቤት ይፈልግ። ቀጣዩ ነጠላ ዜማ ይቆይ፤ ቤቱ ይቅደም።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ካነሳሽው ሰው ልጀምር። ማህሙድ አህመድ የመርካቶ ልጅ ነው፣ ሊስትሮ ነበር፣ ከዚያ አሪዞና ክለብ ውስጥ የተገኘውን ሥራ ሁሉ ይሠራ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር «እኔ ልሞክር» ብሎ መድረክ ላይ ወጣ። ይህቺን ታሪክ ሁሉም ሰው ይወዳታል፣ ፊልም ስለምትመስል። ቀጥሎ የመጣውን ግን ማንም አያወራም። የንጉሡ ዘብ ጦር ባንድ የነበረው ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ፤ ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስም እዚያው ዘፈነ። ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው። ክቡር ዘበኛ ማለት ደግሞ ደሞዝ ማለት ነው። ዜማ የሚሠራው እዚያው ነው፤ እነ ሳህሌ ደጋጎ እዚያው ነበሩ። ነፊው፣ ጊታሪስቱ፣ ድራመሩ፣ መለማመጃው አዳራሽ፣ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ። ጥላሁን ገሠሠም ከሀገር ፍቅር ቴአትር ወጥቶ ያለፈው በዚያው በር ነው፤ ከዚያ ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር። እንግዲህ ዛሬ እያለቀስን የምንሰማቸውን የፍቅር ዘፈኖች ከሠሩት ብዙዎቹ የመንግሥት ደሞዝተኞች ነበሩ። ይህን ስናገር የሚከፋቸው ጓደኞች አሉኝ፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ሸክላው የመጣው በኋላ ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም አካባቢ ደፍሮ ማሳተም ሲጀምር የሸክላ መብቱ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ማህሙድ ለአምሃ ሲቀዳ ጉሮሮው ሕዝብ ፊት ዓመታት የተፈተነ ነበር፤ ስቱዲዮ የገባው ሊማር አልነበረም። በ1967 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» ብራሰልስ ውስጥ ታትሞ ፈረንጆቹ ጆሮ የደረሰው በእነሱ አቆጣጠር በ1986 ነው። የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት 2007። መድረክ የተሰናበተው በጥር 2017 ዓ.ም ሚሊኒየም አዳራሽ፣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት። በዚህ ሁሉ መሀል፣ በደርግ ጊዜ፣ ፒያሳ የራሱ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ካሴት ይሸጥ ነበር! ወንድምሽ «ማህሙድ ሌላ ሥራ ነበረው እንዴ?» ካለሽ ይህንን ንገሪው።

የእኛን የኪቦርዲስቶቹን ኃይሉ መርጊያንም ማንሳት እችላለሁ። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ዓለም ሲፈልገው ጣቶቹ ዝግጁ ነበሩ።

ሁሉም ረጅም መንገድ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። ሙሉቀን መለሰ ገና በልጅነቱ ጀምሮ፣ ድምፁ ገና ምንም ሳይል፣ ዓለማዊውን ትቶ ወደ መዝሙር ገባ፤ ሚያዝያ 2016 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ያኔ የዘፈነውን ግን እስከ ዛሬ የትኛውም ክለብ ውስጥ ወጣቱ ይጠይቀኛል። አጭር ሆኖም ይቻላል። ቤተሰብሽን ያስጨነቀው ግን ኪራይና ምሳ ስለሆነ ወደዚያው ልመለስ።

ክቡር ዘበኛ ሲፈርስ የዘፋኙ ቤት ወደ ሆቴል ተዛወረ። ዋልያስ ሂልተን፣ ዳህላክ ባንድ ጊዮን፣ በኋላ ሮሃ ባንድ። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። የካሴቱ ዘመን ዘፋኞች፣ እነ ኤፍሬም ታምሩና ነዋይ ደበበ፣ ጀርባቸው ላይ ሮሃን የመሰለ ሌት ተቀን አብሮ የሠራ ባንድ ነበራቸው። ግጥም እነ ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ እነ አበበ መለሰ። አንድ ዘፋኝ ብቻውን ያን ሁሉ ሊሆን አይችልም፤ እንዲሆን የጠየቀውም አልነበረም።

ዛሬ ወንድምሽ ያንን ግቢ ሁሉ ከኪሱ ሊገነባ ነው። ግጥም ይገዛል፣ ዜማ ይገዛል፣ ለአቀናባሪ ይከፍላል፣ ሚክስ፣ ማስተሪንግ፣ ከዚያ ክሊፕ። ክሊፑ ብዙ ጊዜ ከዘፈኑ ይበልጥ ያስወጣል፤ በእኔ እምነት በለስላሳ ዘፈን ላይ ከንቱ ወጪ ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማው ዘፈን ድሮን ማብረር ምን ይባላል? ያንን ብር ለባለ ግጥሙ ይጨምርለት። የባንክ ደሞዙ ክቡር ዘበኛው ነው። እሱን ለቆ በምን ይሠራዋል?

አሁን የምሽት ቤቱ ለምን እንደሚያስፈልገው። ቅዳሜ ነው እንበል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ዘፋኙ የመጨረሻ ዙሩ ላይ ነው። ሰዉ በጉራግኛና በኦሮምኛ ጨፍሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተቀምጧል። አንዱ በአስተናጋጅ ወረቀት ይልካል፣ ትዝታ ይፈልጋል። ዘፋኙ ወደ እኔ ዞር ብሎ አውራ ጣቱን ወደ መሬት ይቀስራል። ቶን አውርድልኝ፣ ዘፈኑን ዝቅ ካለ ድምፅ ጀምርልኝ ማለቱ ነው። እኔ ትራንስፖዙን፣ የኪቦርዱን ቶን መቀየሪያ ቁልፍ፣ ሁለት ጊዜ ተጭኜ አንድ ቶን አወርድለታለሁ፤ ቤዚስቱና ሊድ ጊታሪስቱ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የላቸውም፣ እየተሳደቡ ጣታቸውን ያንሸራትታሉ። ልጁ ማይኩን ከንፈሩ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ያቆመዋል። ሲጠጋ ድምፁ ይወፍራል፣ ትንፋሹም ይሰማል፤ መጮህ አያስፈልገውም። ከፍ ያለችው ስንኝ ስትመጣ ማይኩን ወደ ደረቱ ያወርደዋል። ድራመሩ ዱላውን አስቀምጦ በብሩሽ ይይዛል። ጥጉ ላይ ሲከራከሩ የነበሩት ሰዎች ዝም ካሉ ዘፋኝ ነው። ካላሉ ገና ነው።

ይህን ስቱዲዮ አያስተምርም። ስቱዲዮ ውስጥ ማይኩ ራሱ ቆሞ ይጠብቅሻል፣ የጎደለውን ኦቶቲዩን የሚባለው ድምፅ አስተካካይ ፕሮግራም ይሞላዋል፣ አንዲቱን ስንኝ እስክትስተካከል ደግመሽ ደጋግመሽ ትያታለሽ። በነጠላ ዜማ የታወቁ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ባንድ ፊት ሲቆሙ ቅኝት የሚያምታቱት ለዚህ ነው። እኔ ትዝታ ማይነር የሚባለውን ቅኝት ይዤለት ልጁ በሌላ ቅኝት፣ በባቲ ማይነር ይገባል። ጭፈራ ላይ ማንም አይነቃበትም፣ ከበሮው ይሸፍንለታል። ለስላሳ ላይ መደበቂያ የለም፤ ቤዙ አንድ ኖታ ይዞ ሲቆም ስህተቱ ብቻውን ይቀራል። ሌላም አለ። ስቱዲዮ ውስጥ በመጨረሻው ቶኑ የቀዳ ልጅ ያንን ዘፈን ዕድሜ ልኩን በዚያ ቶን ይጠየቃል፣ በተለይ ሠርግ ላይ። እኔ ጋ የሚመጡትን ከሚችሉት አንድ ቶን ዝቅ አድርጌ ነው የማስቀዳቸው። መጀመሪያ ይከፋቸዋል።

ጉሮሮውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዝንጅብሉም ማሩም አይጎዳም፤ ዘፋኝ የሚያድነው ግን እንቅልፍ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሲጋራውን ጭስ ከክለብ ካስወጣ ወዲህ ከእኛ ጊዜ በጣም ይሻላል። የቀረው ጠላት የጠረጴዛ ግብዣው ነው፤ ደንበኛው «አንድ ቢራ በሉልኝ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። ወንድምሽ ጠዋት ሁለት ሰዓት መስኮቱ ላይ መገኘት ስላለበት በመሀል ሳምንት አይዝፈን። አርብና ቅዳሜ ይበቃዋል።

ሥራውን የሚለቅ ሰው የማያስበው ደግሞ የዓመቱን አቆጣጠር ነው። ለዘፋኝ ዓመቱ 12 ወር አይደለም። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር አለ፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት አሉ፣ ዘመን መለወጫና ገና አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሠርግ የለም፣ ብዙ ቤት ባንዱን ያሳርፋል፣ የሚያሳርፈውም ያለ ክፍያ ነው። ፍልሰታም አለች። በእነዚህ ወራት ደሞዝ የሌለው ዘፋኝ መጥፎ ውል የሚፈርመው ተርቦ ነው። ሠርግ ላይም ለስላሳ ብቻ የሚችል ልጅ ሙሽሮቹ ሲገቡና ኬክ ሲቆረስ ከዘፈነ በኋላ ሥራው አለቀ። የሚጠሩት ጉራግኛውንም ወሎውንም ጎጃሙንም ማስጨፈር የሚችሉትን ነው። ለስላሳውን ይውደድ፤ ጭፈራውን ግን ይማር፣ ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው።

ውል ካልኩ አይቀር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ማሻሻያውም 872/2007። ግጥሙና ዜማው የደራሲዎቹ ነው፤ ወንድምሽ ያለው የከዋኝነት መብት ነው። «ዜማውን ገዝቻለሁ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ምን እንደተሸጠ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ለዩቲዩብም ለመድረክም መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። ሁለተኛው ቻናሉ ነው። እኔ ያቀናበርኩለት አንድ ልጅ ዘፈኑን አንድ አሳታሚ በራሱ ቻናል ጫነለት። ዘፈኑ ተወደደ። ልጁ ግን ስንት እንደገባ እንኳ ማየት አልቻለም፣ ቻናሉ የእሱ አይደለማ። ሲጣሉ ልጁ ዘፈኑን በራሱ ቻናል ላይ መልሶ ሊጭን ሞከረ፤ የኮፒራይት ስትራይክ፣ ማለትም የዩቲዩብ የመብት ጥሰት ቅጣት፣ የመጣው በእሱ ላይ ነው። አቀናባሪው ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ በ2011 አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ የጀመሩት ይህ ዓይነቱ ነገር አንገሽግሿቸው ነው። የወንድምሽ ቻናል በራሱ ስም ከሆነ እንዳይሰጥ። ካልሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይክፈት።

«ውጭ ሀገር ይጠሩታል» ብሎ የጻፈልሽም አለ። ይጠሩታል፤ በሰኔ መጨረሻ አካባቢ በሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሰሞን ብዙ ኮንሰርት አለ፣ ዱባይም ቴል አቪቭም አለ። ፕሮሞተር የሚጠራው ግን መድረክ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል መያዝ የሚችለውን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ልምምድ ካላደረገበት ኪቦርዲስት ጋር። አንድ ነጠላ ዜማ አራት ደቂቃ ነው። የቀረውን ሰዓት በምን ይሞላል? በሰው ዘፈን። የሰው ዘፈን የሚለመደው ደግሞ ያው የምሽት ቤቱ ውስጥ ነው።

ለእናታችሁ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ፦ ምሽት ቤት ሲባል የሚያስቡትን ዓይነት ብቻ አይደለም። ሆቴሎች ምሳና ራት ላይ ረጋ ያለ ሙዚቃ ይፈልጋሉ፣ ኪቦርድና አንድ ድምፅ ብቻ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ሰዓቱ ግን ሦስት ተኩል ላይ ያልቃል፣ ዘፈኑም የሱ ዓይነት ነው። ከዚያ ቢጀምር እኔ እመርጣለሁ።

የነጠላ ዜማውን ሊንክ ልከሽ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ፣ ሪቨርቡ፣ ማስተጋባቱ ማለቴ ነው፣ በዝቶ ድምፁን መለየት አልቻልኩም። ያለ ሙዚቃ፣ በስልክም ቢሆን፣ አንድ ትዝታ ዘፍኖ በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ክፍሉ ውስጥ ምንጣፍ ይኑር፣ ማይክ አይጠቀም። ቶኑ የት ላይ እንደሆነ እነግረዋለሁ፤ ሆቴል የሚሠሩ ሁለት ልጆችም አውቃለሁ፣ ድምፁ ከያዘኝ አገናኘዋለሁ።