ለተጠቃሚዎች የማይታየው የኮምፒውተር ማጥፊያ

ከዶሜን (ኮምፒውተሮችን ከአንድ ማእከል ከሚያስተዳድረው መረብ) ጋር በተገናኙት የመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተሮች ላይ ተራ ተጠቃሚዎች «ሻት ዳውን» እና «ሪስታርት» እንደማያገኙ፣ እርስዎ በአድሚኒስትሬተር አካውንት ሲገቡ ግን ሁሉም በቦታው እንዳለ ጽፈዋል። እኔም ይህ ችግር ገጥሞኝ ሁለት ቀን ሙሉ የደከምኩት፣ አማራጩ ተደብቆ እንደሆነ ወይም መብቱ ራሱ ተነሥቶ እንደሆነ ሳልለይ በመጀመሬ ነው።

ስለዚህ አስቀድመው በአንድ ተጠቃሚ አካውንት ይግቡና በኮማንድ ፕሮምፕት «ሁአምአይ ስላሽ ፕሪቭ» (whoami /priv) የተባለውን ትእዛዝ ያስኪዱ። በዝርዝሩ ውስጥ «ኤስኢ ሻትዳውን ፕሪቪሌጅ» ካለ መብቱ አለ፤ አጠገቡ «ዲሴብልድ» መባሉ የተለመደ ስለሆነ አያሳስትዎ። እንዲህ ከሆነ ቁልፉን የደበቀው በግሩፕ ፖሊሲ (ለዶሜኑ ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች ደንብ በሚወጣበት መሣሪያ) የተጠቃሚ ክፍል፣ «ስታርት ሜኑ ኤንድ ታስክባር» ሥር የሚገኘው የማጥፊያ ትእዛዞችን የሚያስወግድ ፖሊሲ ሊሆን ይችላል፤ ወደ «ኖት ኮንፊገርድ» ይመልሱት።

ስሙ ከዝርዝሩ ከጠፋ ግን ጉዳዩ በኮምፒውተር ክፍል፣ «ዩዘር ራይትስ አሳይመንት» ውስጥ ያለው «ሻት ዳውን ዘ ሲስተም» ነው። በዊንዶውስ 10 የተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ ይህ መብት ሲጀመር ለአድሚኒስትሬተሮች፣ ለባክአፕ ኦፕሬተሮችና ለዩዘርስ (ለተራ ተጠቃሚዎች) ቡድን የተሰጠ ነው፤ በሰርቨር ላይ ግን ዩዘርስ የሉበትም። እኛ ዘንድ አንድ የሥራ ባልደረባ ሰርቨሮቹን ለመጠበቅ በቅን ልቦና አድሚኒስትሬተሮችን ብቻ ጽፎ ፖሊሲውን ከመላው ዶሜን ጋር አያይዞት ነበር። እንዲህ ያሉ የመብት ዝርዝሮች ከተለያዩ ፖሊሲዎች አይደመሩም፤ ቅድሚያ ያለው ፖሊሲ የሌላውን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ስለሚተካው ዩዘርስ በአንድ ጊዜ ከሁሉም ኮምፒውተር ወጡ። በየኮምፒውተሩ እየዞርኩ ለማስተካከል ብሞክርም የዶሜኑ ፖሊሲ ስለሚገዛው መስኩ ተቆልፎ ነበር። ጥፋተኛውን ያገኘሁት የትኛው ፖሊሲ እንደሠራ የሚያሳየውን «ጂፒሪዘልት» (gpresult) የተባለ ትእዛዝ እንደ አድሚኒስትሬተር አስኪጄ ባወጣሁት ሪፖርት ላይ «ዊኒንግ ጂፒኦ» (ያሸነፈው ፖሊሲ) በሚለው ዓምድ ነው።

መፍትሔው የሰርቨሮቹን ፖሊሲ ሰርቨሮቹ ብቻ ወዳሉበት ኦርጋናይዜሽናል ዩኒት (በዶሜኑ ውስጥ ኮምፒውተሮች ወደሚመደቡበት ክፍል) ማዛወርና ለተጠቃሚ ኮምፒውተሮች ዩዘርስን በግልጽ የሚጨምር ሌላ ፖሊሲ ማያያዝ ሆነ። ለተጠቃሚዎች የአድሚኒስትሬተርነት መብት በመስጠት ችግሩን ለማለፍ የሚመክርዎ ካለ እባክዎ አይስሙት፤ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ሳያልቅ ኮምፒውተሩን በወጉ ማጥፋት ለሚገባው ሰው የሚያስፈልገው ይህች አንዲት መብት ብቻ ናት።

ሰዎቹ የሚገቡት በሪሞት ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ማጥፊያውን አለማየታቸው ብልሽት ላይሆን ይችላል።

ካስተካከሉ በኋላ ፖሊሲዎቹን የሚያድሰውን «ጂፒአፕዴት ስላሽ ፎርስ» (gpupdate /force) ያስኪዱ፤ መብቱ የሚታደለው በመግቢያ ጊዜ ስለሆነ ተጠቃሚው ወጥቶ እንደገና እስኪገባ ድረስ ለውጡን አያየውም።