ውሃ ስለሚያወጡት የሆላንድ የንፋስ ወፍጮዎች፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክንፎቹ በየት በኩል ነው የሚዞሩት? ከባልደረባዬ ጋር ተወራርደናል።

ፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ነው።

በፎቶ ያየሁት ወፍጮ ቆሟል፤ ክንፎቹ ግን ዘመም ብለዋል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ላይኛው ክንፍ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ በወፍጮ ጠባቂው ቤት ደስታ አለ ማለት ነው፤ ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ ሐዘን ነው።

አንድ ተማሪ፦ ነፋስ ውሃን ወደ ላይ እንዴት ያወጣል?

ክንፎቹ ጋደም ያለውን ዘንግ ያዞራሉ። ዘንጉ ላይ ያለው ባለ ጥርስ መዘውር በወፍጮው መሃል ቀጥ ብሎ የቆመውን ግንድ ያዞረዋል፤ ግንዱ ደግሞ ታች ያለውን ባለ መቅዘፊያ መንኮራኩር። የእንጨት ጥርሶቹ በንብ ሰም ይታሻሉ። መንኮራኩሩ በጠባብ ቦይ ውስጥ እየዞረ ውሃውን ከዝቅተኛው ቦይ ወደ ከፍተኛው ይገፋል። ከፊቱ አንዲት በር አለች፦ ውሃ ሲገፋት ትከፈታለች፣ ነፋሱ ሲቆም ከፍ ያለው ውሃ ራሱ ተጭኖ ይዘጋታል። ሰው አይነካትም። ከወፍጮው ሁሉ እኔ የምወዳት እሷን ነው።

አንድ መንኮራኩር ውሃን ከፍ የሚያደርገው 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1612 የደረቀው የቤምስተር ሐይቅ ከዚያ በጣም የጠለቀ ስለነበር ወፍጮዎችን በተከታታይ አቁመው አንዱ ለሌላው እንዲያቀብል አደረጉ፤ በጠቅላላው 43 ወፍጮዎች ሠርተውበታል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ወፍጮ ጠባቂው ከኋላ በተንጠለጠሉት ግንዶች የወፍጮውን ቆብ ከነክንፎቹ ያዞረዋል። ክንፎቹ ላይ ሸራ የሚዘረጋውም የሚጠቀልለውም እሱ ነው።

«እነዚህ ሰዎች ከባሕር ወለል በታች መኖርን ለምን መረጡ? የሞኝ ሥራ አይደለም?»

ይህ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሞ ይደርሰኛል፤ «ሞኝ» የሚለው ቃልም አብሮት ይመጣል። አልመረጡም። ምድሩ ነው ከሥራቸው የወረደው።

የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በምዕራብ ኔዘርላንድስ የሰፈሩት ገበሬዎች ያገኙት ከባሕር ወለል በላይ ያለ ረግረግ ነበር። አፈሩ ፒት ነው፤ ሳይበሰብስ ለዘመናት የተከማቸ የረግረግ ተክል፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሞላው። ለማረስ ቦይ ቆፈሩ፤ ውሃው በራሱ ወደ ወንዝ ወረደ። ፒት ግን ውሃው ሲወጣ ይጨማደዳል፤ አየር ሲገባበት ደግሞ ይበሰብስና ጋዝ ሆኖ ይጠፋል። መሬቱ ዝቅ አለ፤ ቦዩ ጠልቆ ተቆፈረ፤ መሬቱ እንደገና ዝቅ አለ። በመጨረሻ ውሃው በራሱ መውረዱን ተወ። እ.ኤ.አ. ከ1400ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የንፋስ ወፍጮ ውሃ ማውጣት የጀመረው በዚህ ጭንቅ ነው። ሮተርዳም አቅራቢያ ባለችው ኪንደርዳይክ መንደር ከሚገኙት 19 ወፍጮዎች አብዛኞቹ የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1738 እና በ1740 ነው፤ ያኔ ምድሩ ወርዶ፣ የሌክ ወንዝ ውሃም ከፍ ብሎ፣ የቦዩን በር ቢከፍቱት ውሃው ወደ ወንዙ አልፈስ ብሏቸው ነበር። ወፍጮዎቹ የእርሻውን ውሃ ከፍ ወዳለ ማቆያ ያወጡት ነበር፤ ወንዙ ጎደል ሲል ከማቆያው ይለቀቅ ነበር።

ወፍጮውን እንደ ድል ሐውልት ብቻ የሚያዩትን የምቃወመው ለዚህ ነው። ወፍጮው መሬቱን አዳነ፤ እያደረቀም አወረደው። ከእሱ በኋላ የመጣው የእንፋሎት ሞተር፣ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያንኑ ሥራ በበለጠ ጉልበት ቀጠሉ። ዛሬም በፒት ላይ ያሉ የግጦሽ መስኮች በዓመት እስከ 1 ሴንቲ ሜትር የሚወርዱበት ቦታ አለ፤ የሚበሰብሰው ፒትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አሁን በአንዳንድ መስኮች ውሃውን መልሶ ከፍ ማድረግ የተጀመረው ከዚህ የተነሣ ነው። ለከብቱ ባለቤት ቀላል አይደለም፤ መስኩ ሲረጥብ ከባድ ትራክተር አይገባበትም። ቢሆንም ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ከሮተርዳም፦ አሮጌ ቤት ልገዛ ነው፤ ደላላው «በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው፣ መቶ ዓመት ችሏል» አለኝ። ልመነው?

በደላላው ቃል ብቻ እንዳይፈርሙ! ውሃ ውስጥ የተዘፈቀ የእንጨት ምሰሶ ለዘመናት ይኖራል፤ ነገር ግን የከርሰ ምድር ውሃው ወርዶ የምሰሶው ራስ አየር ካገኘ ሻጋታ ይበላዋል። መቶ ዓመት መቆሙ ለሚቀጥለው አሥር ዓመት ዋስትና አይሆንም፤ መሠረት ማደስ ደግሞ እጅግ ውድ ነው። የመሠረት ምርመራ ባለሙያ ይቅጠሩ፤ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የከርሰ ምድር ውሃውን መጠን ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። እኔ ከዚህ በላይ ልመክርዎ አልችልም፤ ቤቱን ያየ ባለሙያ ብቻ ነው የሚችለው። ሻጩ ምርመራ አልፈቅድም ካለ ቤቱን ይተዉት።

ልጆቼን መቼ ልውሰዳቸው?

በግንቦት፣ በፈረንጆቹ ሜይ ሁለተኛ ቅዳሜና እሑድ፣ ብሔራዊ የወፍጮ ቀን ነው፤ በመላ አገሪቱ ብዙ ወፍጮዎች በራቸውን ይከፍታሉ። ወደ ኪንደርዳይክ ከሮተርዳም በጀልባ መሄድ ይቻላል። የልጆቹን እጅ ይያዙ፤ የአንዳንዶቹ ክንፍ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ አጥሩንም ያጠሩት በምክንያት ነው።

እኔ ወፍጮ ጠባቂ መሆን እችላለሁ?

ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የበጎ ፈቃደኛ ወፍጮ ጠባቂዎች ማኅበር አለ፤ አሠልጥኖ ለፈተና ያዘጋጃል። ዩኔስኮም ሙያውን እ.ኤ.አ. በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ዝርዝሩን ማኅበሩን ይጠይቁ።