ቤቱን ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈሩን በእግር ዙሩት

አሜሪካ ከመጣሁ 22 ዓመቴ ነው። ስንቱ ዘመድና ጓደኛ ቤት ሲገዛ አብሬ ዞሬያለሁ። በተለይ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተከራይቶ ኖሮ፣ ሰፊ ቤት ሲያምረው ከከተማው ራቅ ወዳለው ወደ ዉድብሪጅና ከዚያም ወዲያ የሚወጣውን። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት መኝታ ቤት አለው?" ብሎ ነው። ተዉ እባካችሁ።

1. ወረቀቱ። በመደበኛው ብድር ቅድሚያ ክፍያችሁ ከ20 በመቶ ካነሰ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ (ብድሩን ባትከፍሉ ለአበዳሪው የሚሆን ዋስትና) ይጨመርባችኋል። ዕዳው ቤቱ ከተገዛበት ዋጋ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ እንዲነሳላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ኢንስፔክሽን፣ ማለትም ቤቱን በባለሙያ ማስመርመርን፣ አትዝለሉ።

2. ወርሃዊው ወጪ። ባንክ ፈቀደ ማለት አቅማችሁ ቻለ ማለት አይደለም። የቤት ግብር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የኤች ኦ ኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) መዋጮ አለ። "ቤዝመንቱን አከራይቼ እከፍላለሁ" የምትሉ ደግሞ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) እና ኤች ኦ ኤው ይፈቅዱ እንደሆነ ሳታጣሩ አትፈርሙ። ስንቱ ከፈረመ በኋላ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

3. ሰፈሩ። እዚህ ላይ እቆጣለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ቤቱን የምታዩት እሁድ ከሰዓት ነው፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን። እስቲ ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ ከዚያ ቤት እስከ ሥራችሁ ንዱ። አውራ ጎዳናው፣ አይ-95፣ በመኪና ተጨናንቆ ይጠብቃችኋል። ማታም እንደዚያው ነው።

ከዚያ መኪናችሁን አቁሙና በእግራችሁ ዙሩ። የእግረኛ መንገድ አለ? የ10 ዓመት ልጅ ብቻውን የሚደርስበት ላይብረሪ ወይም ሜዳ አለ? አውቶቡስ ያልፋል? የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚመደበው በአድራሻ ነው። የኤጀንቱን ወሬ ትታችሁ አድራሻውን የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አስገቡና እዩ።

እኔ ይህን አላደረግኩም። አምስት መኝታ ቤት ከነጋራዡ አየሁና ልቤ ጠፋ። ለሥራ ደርሶ መልስ በቀን 3 ሰዓት መንገድ ላይ ሆነ። ባለቤቴ ክፍያውን ለማገዝ የማታ ሺፍት ያዘች። ልጆቹ ከስኩል ባስ ወርደው፣ በሩን ራሳቸው ከፍተው ይገባሉ። እኔ ስደርስ እያንዳንዳቸው ክፍላቸውን ዘግተዋል። ሰፈሩ ውስጥ የሚሄዱበት ቦታ አልነበረም። ሁሉም ነገር በመኪና ነው፣ የሚነዳው ሰው ደግሞ የለም።

ኪራይ ቤት ሳለን በሁለት መኝታ ቤት እንፋፈግ ነበር። ከእኛ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት ልጆቼን በአማርኛ ይቆጧቸው፣ በአማርኛ ያባብሏቸው ነበር። ትንሹ ልጄ ተረት የተማረው ከእሳቸው ነው። አዲሱ ቤት በገባን በአራተኛው ዓመት ሊጠይቁን መጡ። ደረጃው ሥር ቆመው ስሙን ጠሩት፤ "ና ውረድ፣ ልይህ የኔ ልጅ" አሉት። ልጄ አልወረደም። ከላይ ሆኖ በስልክ "ምን እያለች ነው?" ብሎ ጻፈልኝ፣ በእንግሊዝኛ። እሳቸው እጃቸውን የደረጃው መደገፊያ ላይ አድርገው ወደ ላይ እያዩ ነበር።

አማርኛውን ያጠፋው ትምህርት ቤቱ አይደለም። እኔ ነኝ፣ ለሦስት ትርፍ ክፍል ብዬ።

4. ስለዚህ አንድ መኝታ ቤት ቀንሱና ቀረብ በሉ። ታውን ሀውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ቢሆንም ግድ የለም። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት የሚሰጥበትን ቦታ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ከራቀ ክረምት ሲመጣ ትተዉታላችሁ። ቤት ስታዩም ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ እናንተ ኩሽናውን ስታዩ እነሱ ውጭ ወጥተው የት ድረስ መሄድ እንደቻሉ ጠይቋቸው።